ልጁን ካለበት እንድንጀምር ፍቀዱልን

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ትምህርት ሚኒስቴር
ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ማስተማርንና ምዘናን ከእያንዳንዱ ተማሪ ፍላጎት ጋር ማጣጣምን ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት፣

እኔ በመንግሥት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ የማስተምር መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ጉዳዩ በአንድ ትምህርት ቤት ስብሰባ የሚያልቅ ስላልሆነና ወላጆችም ሊያውቁት ስለሚገባ ነው። የምለው አንድ ነገር ነው፦ እያንዳንዱን ተማሪ እንደ ችሎታውና እንደ ፍላጎቱ እንድናስተምር ፖሊሲው ያዘናል፤ ሥራችን የሚለካበት ቅጽ ግን ይከለክለናል። በሁለቱ መካከል የሚጎዳው ልጁ ነው።

ክፍሌን ላሳያችሁ። በአንድ ክፍል ውስጥ ከስልሳ በላይ ተማሪዎች አሉኝ። በወረቀት ሁሉም ሰባተኛ ክፍል ናቸው። ከመካከላቸው አንድ ልብ ወለድ በሁለት ቀን ጨርሰው ሌላ አምጣልን የሚሉኝ አሉ። አንድን ዐረፍተ ነገር ፊደል በፊደል እየለቀሙ የሚያነቡ፣ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ መጀመሪያው የሚጠፋባቸውም አሉ። ከቤታቸው ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ ወይም ወላይትኛ ሰምተው የሚመጡ፣ አማርኛን ከሰፈር ጨዋታ የለቀሙ አሉ። ከተፈናቃይ ቤተሰብ ጋር መጥተው፣ ትምህርታቸው ለረጅም ጊዜ ተቋርጦባቸው የቆዩ አሉ። ሰሌዳው ስለማይታያት ከአጠገቧ ካለችው ደብተር የምትገለብጥ ልጅ አለች፤ መነጽር ብታገኝ ከክፍሉ ጎበዞች አንዷ እንደምትሆን አልጠራጠርም። ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ ነው። ስም ጠርቼ፣ ሰሌዳ አጥፍቼ፣ የቤት ሥራ ካየሁ በኋላ የሚቀረው ጊዜ ለሁሉም ቢከፋፈል ለአንድ ልጅ ግማሽ ደቂቃ ቢደርሰው ነው።

ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ የሚጠይቀኝ ዓመታዊ ዕቅዴን፣ የዕለት ዕቅዴን፣ ከመጽሐፉ ስንት በመቶ እንደሸፈንኩና ማርክ ሊስቱ መሞላቱን ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ መሆን ሲገባኝ ሁለተኛው ላይ ከተገኘሁ ወደ ኋላ ቀርቷል ተብሎ ይጻፍብኛል። ልጆቹ ሁለተኛው ስላልገባቸው ደግሜ አስተማርኩ ብል፣ ይህ የሚጻፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም። ሱፐርቫይዘሩን አልወቅስም፤ እሱም ከበላይ የተሰጠውን ነው የሚሞላው፤ ብዙዎቹም ለዓመታት ጠመኔ ይዘው የቆዩ፣ የክፍሉን ችግር ከእኔ በላይ የሚያውቁ መምህራን ናቸው። ግን ሥራዬ የሚመዘነው በሸፈንኩት ገጽ ብዛት እስከሆነ ድረስ፣ ፈጣኖቹን ይዤ መሄድ እኔን ያስመሰግነኛል፤ ዘግይተው ለሚመጡት መቆም ደግሞ ያስጠይቀኛል።

አዲስ መብት አልጠየቅሁም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማድረግን ከዓላማዎቹ መካከል አስቀምጧል። የሳላማንካው መግለጫ፣ መደበኛ ትምህርት ቤት ሁሉንም ልጅ መቀበል እንዳለበት የተነገረበት፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር የወጣ ነው። በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወጣ፤ በኋላም ተሻሽሎ አካቶ ትምህርትን ጨመረ። በ2002 ዓ.ም. አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብቶች የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አጸደቀች፤ አንቀጽ 24 ለእያንዳንዱ አካል ጉዳተኛ ተማሪ እንደ ፍላጎቱ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ያስገድዳል። ሕግ አላነሰንም።

ያነሰን ምዘናውን ወደ ማስተማር የሚመልስ አሠራር ነው። ተከታታይ ምዘና ሲጀመር ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ መምህሩ ልጁ ምን እንደገባውና ምን እንዳልገባው በየጊዜው እያየ ማስተማሩን ያስተካክል ነበር የተባለው። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ተከታታይ ምዘና ሲባል የሚታሰበው ከአሥር የሚያዝ ቴስት፣ ከአሥር የሚያዝ የቤት ሥራ፣ ከአምስት የሚያዝ የክፍል ተሳትፎ፣ የቡድን ሥራ፣ ከዚያ ሚድ፣ ከዚያ ፋይናል ነው። ምዘናው ወደ ማርክ መሰብሰብ ተለወጠ። አንድ ልጅ ከአሥር ሦስት ሲያመጣ ሦስቱ ሮስተር ላይ ይሰፍራል፤ በማግስቱ ክፍሉ ወደ ሌላ ርዕስ ይሄዳል። ያቺ ሦስት ስለ ልጁ ብዙ ልትነግረኝ ትችል ነበር፤ ያልገባው ቃሉ ነው ወይስ ጥያቄው፣ አንብቦ ነው የተሳሳተው ወይስ ሳያነብ? መልሱን ለመፈለግ ጊዜ የለኝም። በሰሚስተሩ መጨረሻ ነጥቦቹ ይደመሩና ከክፍል ስንተኛ መውጣቱ ካርዱ ላይ ይጻፋል። ወላጅ ካርዱን ሲያይ አርባ ሰባተኛ የሚል ቁጥር ያገኛል። ልጁ የቱ ጋ እንደተሰናከለ የሚነግር አንድም መስመር አያገኝም።

የአንድ ለአምስት አደረጃጀቱም በዚሁ መንገድ ሄደ። ጎበዙ ደካማውን እንዲረዳ የታሰበ ነበር፤ በተግባር ግን ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ ሳይለወጥ ይቆያል፣ መሪው ሥራውን ሠርቶ ያመጣል፣ የቀሩት ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ለሁሉም እኩል ነጥብ ይያዛል። መሪው ማስረዳት አልተማረም፤ የቀሩትም ንባብ አልለመዱም።

ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ልጆች ሳይወድቁ እንዲያልፉ የተወሰነው በጥሩ ልብ ነው። ትንሽ ልጅ አንደኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ደግሞ ከትምህርት እንዲወጣ ማንም አይፈልግም። ሆኖም ውሳኔው ሁለት እግር ነበረው፤ ልጁ ያልፋል፣ ያልያዘውንም በድጋፍ ይይዛል የሚል። የቆመው በመጀመሪያው እግር ብቻ ነው። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። በማግስቱ ዓመት አንደኛ ክፍል የገቡት ልጆች፣ ሳይደግሙ ከሄዱ፣ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ የሆኑት በ2014 ዓ.ም. ነው። የዚያ ዓመት ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ቀጥሎ በመጣው ዓመት 3.2፣ ከዚያም 5.4 በመቶ። ኩረጃን ለመከላከል የተወሰደው እርምጃ ትክክል ነበር፤ እደግፈዋለሁ። ውጤቱን ያየ ሁሉ ግን ስለ 12ኛ ክፍል ብቻ መናገሩ ያሳዝነኛል። እነዚያ ልጆች የወደቁት በሁለተኛ ክፍል ነው፤ ያወቅነው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

የት እንደሚሰናከሉ ለማየት ፊደላችንን አስቡት። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሲዘረዘሩ 231 መልክ ይሆናሉ። ካዕቡና ሣልሱ ሥርዓት አላቸው፤ አንዱን ያወቀ ሌላውን ይገምታል። ሳድሱ ግን በየፊደሉ ይለዋወጣል፤ ልጁ አንድ በአንድ ካልያዘው አያገኘውም። አማርኛ ደግሞ በሳድስ የተሞላ ነው። በየዓመቱ የሚያጋጥሙኝ የሰባተኛ ክፍል ደካማ አንባቢዎች አብዛኞቹ የሚደናቀፉት እዚህ ላይ ነው። ለእነሱ የሚያስፈልገው የመጽሐፉ አራተኛ ምዕራፍ አይደለም፤ ለጥቂት ሳምንታት በየቀኑ ለትንሽ ጊዜ አብሯቸው ተቀምጦ ሳድሱን የሚያስለቅም ሰው ነው። ያንን ለማድረግ የተፈቀደ ክፍለ ጊዜ የለኝም። ማጠናከሪያ ትምህርት የምንለውም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ለስምንተኛና ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ነው፤ ፈተና ሲደርስ፣ ብዙው ካለፈ በኋላ።

ልጅን ካለበት አንሥቶ ማስተማር ለዚህ አገር እንግዳ ነው የሚል ካለ ወደ ንባብ ቤት ይመልከት። አንድ የኔታ ፊት ብዙ ልጅ ይቀመጣል፤ አንዱ ሀ ሁ ይላል፣ ሌላው አቡጊዳ ላይ ነው፣ ሌላው ፊደለ ሐዋርያ ይቆጥራል፣ የበረታው ዳዊት ይደግማል። አንዱን ጽሑፍ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ሳይወጣው ወደሚቀጥለው አይሻገርም። የቀደመው የኋለኛውን ያስቆጥራል፤ የኔታ ደግሞ እያንዳንዱን በየተራው አስቀርበው ይሰማሉ። ጥር ስለሆነ ሁላችሁም እዚህ ገጽ ላይ መሆን አለባችሁ የሚል የለም። በቁርአን ቤትም ልጁ የራሱን ሎህ ይዞ ይቀመጣል፤ የተጻፈለትን በቃሉ ሲያስረክብ ሎሁ ታጥቦ ሌላ ይጻፍለታል። በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት ዓይናቸው የማያይ ተማሪዎች ተምረው መምህር እስከ መሆን የደረሱት ትምህርቱ በቃል ስለሚሄድና ምዘናውም በቃል ስለሆነ ነው። ዐይነ ስውርነት ለእነሱ ከትምህርት የሚያስቀር ምክንያት አልነበረም። የጥንቱን አለንጋና ቁንጥጫ መልሱልን አልልም፤ ሴት ልጆች ከዚያ ጉባኤ በአብዛኛው ርቀው መኖራቸውንም አልረሳም። ነገር ግን አንድ መምህር ብዙ ልጆችን በየደረጃቸው ይዞ ማስኬድ እንደሚችል ይህ ሕዝብ ለዘመናት በተግባር ያውቀዋል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ብዙ ጥቅም አመጣልን፤ ይህን ግን ከደጅ አስቀርቶ ገባ።

የክፍሉ ብዛት አይፈቅድም ይባላል። ብዛቱ እንደሚከብድ ከእኔ በላይ የሚመሰክር የለም። ይሁን እንጂ በ1995 እ.ኤ.አ. በሙምባይ የተመሠረተው የህንዱ ፕራታም በተጨናነቁ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሠራውን እንይ። መምህሩ ወይም የመንደሩ በጎ ፈቃደኛ እያንዳንዱን ልጅ ለጥቂት ደቂቃ ያነጋግራል፤ ፊደል ያውቃል? ቃል ያነባል? አንቀጽ ያነባል? ታሪክ ያነባል? በዚህ መሠረት የሦስተኛ፣ የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ልጆች ለቀኑ የተወሰነ ሰዓት ክፍላቸውን ትተው በንባብ ደረጃቸው ይቀመጣሉ። ልጁ ሲሻሻል ቡድን ይቀይራል። አቢጂት ባነርጂና አስቴር ዱፍሎ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ከማይክል ክሬመር ጋር በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት፣ ይህን አሠራር ለዓመታት በሙከራ ፈትሸው ንባብን እንደሚያሻሽል አሳይተዋል። ከህንድ አልፎ ዛምቢያን ጨምሮ በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም እየተሠራበት ነው። ልዩ ሕንፃና ውድ መሣሪያ አልጠየቀም። የጠየቀው ለዚያ ሰዓት ልጁ ከክፍሉ መጽሐፍ ይልቅ ካለበት ደረጃ እንዲጀምር መፍቀድን ነው።

ክሬመርና ባልደረቦቹ በኬንያ ያገኙትም ሊያሳስበን ይገባል። ለትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጽሐፍ በነፃ ሲታደል የአብዛኛው ልጅ ውጤት አልተሻሻለም፤ የተጠቀሙት ቀድሞውንም ጎበዝ የነበሩት ናቸው። መጽሐፉ ለብዙዎቹ ሦስተኛ ቋንቋ በሆነው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበርና አላነበቡትም። እኛም መጽሐፍ ለአንድ ልጅ አንድ ለማድረስ ብዙ ገንዘብ እናወጣለን፤ ይገባልም። ማንበብ የማይችል ልጅ እጅ ላይ የተቀመጠ አዲስ መጽሐፍ ግን ተሸፍኖ ከመቀመጥ ያለፈ ነገር አያደርግለትም።

እዚሁ አገር ውስጥም ማስረጃ አለ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደቡብ የአገራችን ክፍል የተስፋፉት የተፋጠነ ትምህርት ክፍሎች፣ ስፒድ ስኩል የሚባሉት፣ ከትምህርት ውጭ የነበሩ ልጆችን በአሥር ወር ውስጥ የሦስት ክፍል ትምህርት አስይዘው ወደ መደበኛው ያስገቡ ነበር። ክፍሉ አነስተኛ ነው፤ ልጆቹ እየሠሩ፣ እየዘመሩና እየተጫወቱ ይማራሉ። ዘገየ የተባለ ልጅ ካለበት ሲጀመርለት በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

ስለ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ስናገር ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚይዝ ትምህርት ቤት ሲያጡ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። በዚያ ብቻ አልቆሙም፤ በፊደላችን ድምፅ ላይ የተመሠረተ አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለ ማስተማሪያ አዘጋጅተው ለመናገር የሚቸገሩ ልጆች ድምፅ እንዲያወጡና እንዲያነቡ ሠርተዋል። ዛሬ በሕይወት የሉም። ያለ ሥርዓተ ትምህርት ክፍልና ያለ በጀት አንዲት እናት ይህን ከሠሩ፣ በመላ አገሪቱ መዋቅር ያለው ሚኒስቴር ምን ሊሠራ እንደሚችል እናንተው አስቡት። የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤም በልጅነቷ ዓይኗን አጥታ ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። መንገድ ከተገኘ ልጆቻችን የት እንደሚደርሱ እናውቃለን።

መንገዱ የሚዘጋው አንዳንድ ጊዜ በፈተና ክፍል ውስጥ ነው። ማየት ለተሳነው ተፈታኝ ጥያቄ እንዳነብ ተመድቤ ነበር። ካርታ ያለበት ጥያቄ ላይ ስደርስ ካርታውን በቃል ልግለጽለት ወይስ ዝም ልበል የሚል መመሪያ አልተሰጠኝም። ከገለጽኩት መልሱን መንገር ይሆናል ተብዬ ልጠየቅ እችላለሁ፤ ዝም ካልኩ ልጁ ያልጠፋበትን ነጥብ ያጣል። እሱ ጂኦግራፊውን ያውቅ ነበር፤ በጥያቄው ዙሪያ ያለውን ሁሉ ነገረኝ። ያላገኘው ሥዕሉን ነው። ከዚህ የባሰው በሒሳብ ላይ ያለው ነው። ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ከሒሳብ ፈተና ነፃ እየተደረጉ ውጤታቸው ከ500 የሚያዝበት አሠራር እንደ ርኅራኄ ይታያል። እኔ ግን በር መዝጋት ነው እላለሁ። ብሬል ለሒሳብ ምልክቶች የራሱ አጻጻፍ አለው፤ በሌላው ዓለም ዓይነ ስውራን ሒሳብ ይማራሉ፣ ያስተምራሉ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ይሠራሉ። ልጁን ከትምህርቱ ማውጣት ከትምህርቱ ጋር ማስማማት አይደለም።

ፈጣኑን ልጅም አትርሱት። የ1986ቱ ፖሊሲ ከአካል ጉዳተኛው ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ያነሣው እሱን ነው። የክፍሉን ሥራ በአሥር ደቂቃ ጨርሶ ሠላሳውን ደቂቃ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ልጅ፣ ቀስ በቀስ አስቸጋሪ የሚል ስም ይወጣለታል።

ሁሉንም በአንድ ዓይነት ፈተና መመዘን ፍትሕ ነው፣ ለአንዱ ጊዜ መጨመር ለሌላው መበደል ነው የሚል ክርክር በመምህራን ክፍል ውስጥ ሳይቀር እሰማለሁ። የማይስማማኝ ይህ ነው። ፈተናው ሊለካ የፈለገው የጂኦግራፊ ዕውቀትን ከሆነ፣ ዓይን የማየት አቅምን መለካት የለበትም። ሊለካ የፈለገው ማስተዋልን ከሆነ፣ የማንበብ ፍጥነትን መለካት የለበትም። መመዘኛው ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ወደ መመዘኛው የሚደረስበት መንገድ ግን ይለያይ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ የሚከብድ አይደለም። የሱፐርቪዥን ቅጹን ለውጡልን፤ ስንት ገጽ ተሸፈነ ከሚለው ጎን ስንት ልጅ ከነበረበት ደረጃ ከፍ አለ የሚል ጥያቄ አስገቡ፣ ከፍ ያለ ክብደትም ስጡት። ከሦስተኛ እስከ ሰባተኛ ክፍል በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ልጆች በክፍላቸው ሳይሆን በንባብና በስሌት ደረጃቸው የሚማሩበት እንዲሆን በይፋ ፍቀዱ፤ በጥቂት ጉድኝት ማዕከላት ሞክሩት፣ ውጤቱንም ለሕዝብ ግለጹት። ከተከታታይ ምዘናው ከፊሉ ማርክ የማይያዝበት፣ መምህሩ ልጁን የሚያውቅበት ብቻ ይሁን። በታችኞቹ ክፍሎች ካርድ ላይ ከክፍል ስንተኛ የሚለው ይቅር፤ በምትኩ ልጁ የቻለውና ያልቻለው በሁለት መስመር ይጻፍ። በየዓመቱ መስከረም ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደ ትምህርት ቤት መጥተው የልጆቹን ዓይንና ጆሮ ይመርምሩ፤ ይህን ለማድረግ ያለው ሠራተኛ ይበቃል። በየጉድኝቱ ቢያንስ አንድ በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሠለጠነ መምህር ይመደብ፤ እሱም የሌላ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ተጭኖበት ስሙ ብቻ እንዳይቀር። የፈተናዎች አገልግሎትም ለካርታና ለግራፍ ጥያቄዎች የቃል መግለጫ ከጥያቄው ጋር አብሮ ያዘጋጅ፣ አንባቢዎችን ያሠልጥን፣ ተጨማሪ ጊዜ ለማን እንደሚሰጥ በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ለሒሳብም ከነፃ ማድረግ ወደ ማስተማርና መፈተን የሚያሸጋግር ዕቅድ ይያዝ።

ከእኛ ከመምህራንም የሚጠበቅ አለ። ፈቃዱ ሲመጣ የለመድነውን አጻጽፎ መውጣት ትተን ልጆቻችንን አንድ በአንድ መስማት ይኖርብናል፤ ይህ ከማስጻፍ ይልቅ ያደክማል። እኔ ዝግጁ ነኝ። ዝግጁ የሆኑ ብዙዎችንም አውቃለሁ፤ አንዳንዶቹ ያለ ፈቃድ፣ ከሰዓታቸው ቀንሰው እየሠሩት ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ካርድ ሲያመጣ ከስንተኛው በፊት ምን ያነባል፣ ምን አቃተው ብላችሁ መምህሩን ጠይቁ። ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣ የሚቀጥለው ዓመት የዕቅድና የሱፐርቪዥን ቅጽ ወደየወረዳው ከመላኩ በፊት ለዚህ ደብዳቤ በይፋ መልስ እንድትሰጡን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የአማርኛ መምህር